መነኩሴውን ማን ነካው

ጥቅምት 6

ለንጉሠ ነገሥቱ፣ ለባሌ የወንድም ልጅ፣

እዚያ ብርዱ ገብቷል ሲሉ ሰማሁና መጀመሪያ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ሊፍት ልትጠግን ጉድጓዱ ውስጥ ስትገባ ሁለት ሹራብ ደርብ። ፈጣሪ ከላይም ከታችም ይጠብቅህ፤ ያንተ ሥራ ሁለቱንም ይፈልጋል። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬም እንደ ድሮው ነው፣ ማለትም የለም። ፊት ለፊቴ የሚያወራን ሰው ከከንፈሩ አነባለሁ፤ ስልክ ግን እባክህ አትደውል፣ ንፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

ጋሼህ እንዳለ ነው። ስትሮኩ ከጣለው ወዲህ ዊልቸሩ ላይ አድርጌ የስፌት ክፍሌ መስኮት አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፣ ፀሐይ ያገኛል። ሐኪሙ ሰሞኑን መጥቶ ዓይኑን በባትሪ አየና "እትዬ፣ አይድከሙ፤ እዚህ ውስጥ የሚሰማ ሰው የለም" አለኝ። ግራ ዓይኑ ስለሚያነባ ጠብታ አዞለታል።

ያን የጦርነት ጨዋታችሁን አልተውኩትም። ካርታው እንደተዘረጋ ከዊልቸሩ ጎን ባለው ልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ እሱን የሚችል ሌላ ጠረጴዛ የለም። ጥርስ ሐኪሙ በጳጳሱ፣ ዳቦ ጋጋሪው በሱልጣኑ፣ አንተ በንጉሠ ነገሥቱ፣ ጋሼህ በተሐድሶው ወገን ሆናችሁ ከየአገሩ በፖስታ ስትዋጉ ስንት ዘመናችሁ! ጋሼህ ሲወድቅ "ወንበሩ ባዶ አይሁን፣ እርስዎ ያንቀሳቅሱለት" ብላችሁ ስትጽፉልኝ አልቅሻለሁ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ስለነበረ የሃይማኖት ጠብ እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ቀሚስ ነው። የቀረበኝን አንስቼ ወደ ቀረበኝ ከተማ አስገባለሁ፣ እናንተም ትምሩኛላችሁ።

የእሱን ልማድ ግን እጠብቃለሁ። ደብዳቤ ሲመጣ እሱ ያደርግ እንደነበረው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጠጠር የምነካው። ጆሮ የሌለው ሰው ጮክ ሲል እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ጎረቤቴ "ጳጳሱ ዛሬ የት ደረሱ?" እያለች ትስቅብኛለች።

አሁን የምነግርህ ነገር ግን አያስቅም። የጠፉትን ጠጠሮች ጋሼህ ከአዝራር ሳጥኔ እየሰረቀ እንደተካቸው ታውቃለህ፤ ያንተ ጦር ጥቁሩ የካፖርት አዝራር ነው፣ የእሱ መነኩሴ፣ የወገኑ አለቃ፣ ነጩ አዝራር። ማክሰኞ የጥርስ ሐኪሙን ደብዳቤ አንብቤ፣ ለደንበኛ ልኬት ወጥቼ ስመለስ ነጩን አዝራር ትቼው ከሄድኩበት ከተማ ወጥቶ ባሕሩ ዳር አገኘሁት። በሩ ዝግ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው። ክው አልኩ። ወደ ቦታው መለስኩትና ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬም ሄዷል።

ይህ ጨዋታ የሆነ ነገር አለው እንዴ? ማግኔት ነገር? ሳትደብቅ ንገረኝ።

እትዬህ


ጥቅምት 27

ለእትዬ፣ ለተሐድሶው አዲሲቷ አለቃ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ነበርኩ። ሹራቡን ደርቤያለሁ፣ በእርስዎ ትእዛዝ። ለጋሼ ግንባራቸውን ይሳሙልኝ፤ ባይሰሙም ከእኔ ነው ይበሏቸው።

ማግኔት የለውም፣ እትዬ። ወረቀትና አዝራር ነው። እኔ የምጠረጥረው የእርስዎን ሰፊ እጅጌ ነው፤ ጨርቅ ሲስቡ ስንት ከተማ እንደሚወርር መቼ ያውቃሉ? ደግሞም ጋሼ ራሳቸው "የእናንተ እትዬ ጠረጴዛ ስታጸዳ ሱልጣኑ ሳይዋጋ ይሸነፋል" ይሉ ነበር። ስለዚህ አይፍሩ። እኔን ይመኑኝ።

ይልቅ አንድ ነገር ልለምንዎ። አሁን ተጫዋች ስለሆኑ የራስዎ ጠጠር ይኑርዎት። ከራስዎ ልብስ አንድ አዝራር ይምረጡና መነኩሴው አጠገብ ያስቀምጡ። በደንቡ ላይ የለም፤ ጥርስ ሐኪሙ ቢቆጣ እኔ እከራከርልዎታለሁ።

የእኔ እንቅስቃሴ፦ ጥቁሩን አዝራር ከተራራው ሥር ወዳለው ከተማ ያምጡልኝ። ጳጳሱ መተላለፊያውን ስለዘጋ መነኩሴዎ ተከቧል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጦርነት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ፣ ባለ ሁለት ሹራቡ


ኅዳር 14

ልጄ፣

ቀልድህን ወድጄዋለሁ፣ ግን ነገሩ ቀልድ አልሆነም። በእጅጌዬ እያሳበብክ ነበር፤ እሺ፣ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። ደብዳቤህን እንደ ልማዱ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ጥቁሩን አዝራር ካልከው ቦታ አመጣሁ። ለራሴ ደግሞ ከድሮ ካፖርቴ ቀይ አዝራር ቆርጬ መነኩሴው አጠገብ አኖርኩ። ጋሼህ ያን ካፖርት ሲወደው! ከዚያ ክር ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ መነኩሴው ከከበባው ወጥቷል። ባንተም በጳጳሱም መካከል በምታልፈው ቀጭን መንገድ፣ እኔ ጭራሽ መኖሩን በማላውቀው መንገድ፣ ወደ ሰሜን ሄዷል። እጅጌ እንዲህ አይጠነቀቅም፣ ልጄ። ሌሎቹ አዝራሮች ንቅንቅ አላሉም።

ቤት ውስጥ ሰው ገብቷል ማለት ነው። ምንም አልሰረቀም፤ መቀሴ አለ፣ የደንበኞቼ ጨርቅ አለ፣ የስፌት መኪናዬ አለ። ገብቶ አንድ አዝራር አንቀሳቅሶ የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አሁን ስሰፋ ጀርባዬን ለበሩ አልሰጥም። ጆሮ ስለሌለኝ ኋላዬ ቢቆምም አላውቅም።

ለትልቋ ልጄ ነገርኳት። ፋርማሲስት ናት፣ ሁሉን ነገር በመድኃኒት ነው የምታየው። "እማዬ፣ ደክሞሻል፤ እየረሳሽ ነው" አለችኝ። ከዚያ እሷና ባሏ ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ብለው ስለ አንድ የሕሙማን መጦሪያ አነሱብኝ። ጋሼህን እዚያ እናስገባው ነው የሚሉት። ሩቅ ነው፣ ከከተማ ውጭ። "ሰው አያውቅም፣ የት እንዳለም አያውቅም፤ አንቺ ለምን ትሞቻለሽ?" አሉኝ። እኔ አላውቅም አልኩ። ጋሼህ እዚያው መስኮቱ ጋ ነበር፤ ዓይኑ በጣም አነባ፣ ጠብታውን ጨመርኩለት።

እናንተ አገር ጠንካራ ጓጉንቸር አለ ይባላል። አንድ ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እትዬህ


ታኅሣሥ 3

ለእትዬ፣

ጓጉንቸሩ እዚህ አብሮ አለ። የሊፍት ማሽን ክፍል የምንዘጋበት ነው፤ በመዶሻ አይከፈትም። መክፈቻው አንድ ብቻ ነው፣ አንገትዎ ላይ ያድርጉት።

እውነቱን ልንገርዎ? ፈራሁ። መጀመሪያ የፈራሁት ሰው ገብቶ ሳይሆን እርስዎ ራስዎ አንቀሳቅሰው ረስተው እንዳይሆን ነው። ልጅዎ ያለችው እውነት እንዳይሆን። ጋሼን እንዲህ ካጣናቸው በኋላ እርስዎንም ደግሞ ማጣትን ማሰብ አልቻልኩም። ትናንት ገመድ ስፈትሽ አንድ ብሎን ሳላጠብቅ ሳልፍ አለቃዬ አይቶ "ውጣ" አለኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ብደብቅዎ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የተንቀሳቀሰ ነገር ካገኙ ከመመለስዎ በፊት የት እንደነበረ፣ ምን እንደሆነ በሙሉ ይጻፉልኝ። የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን።

የእኔ እንቅስቃሴ፦ ጥቁሩን አዝራር ወንዙን ያሻግሩልኝ፣ ቀጥለው ደግሞ ወደ ወደቡ ያስገቡት። ስለ መጦሪያው ምንም ማለት አልችልም፤ እዚያ ሆኜ ጋሼን የማነሳበት እጅ የለኝም። ግን ቶሎ አይወስኑ።

ባለ ሹራቡ


ታኅሣሥ 20

ልጄ፣

በችኮላ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ከተንጋደደ ለዚያ ነው።

ጓጉንቸርህን የስፌት ክፍሉ በር ላይ አደረግሁት። መስኮቱን በምስማር አስመታሁ። ደብዳቤህን አንብቤ፣ ጥቁሩን ወንዝ አሻግሬ ወደብ አስገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ መክፈቻውን አንገቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ከጋሼህ በቀር ማንም አልነበረም። ደንበኛዬ ቤት ቡፌው ላይ መስተዋት አለ፣ መክፈቻው አንገቴ ላይ መኖሩን በእሱ እያየሁ ነው ልኬቱን የጨረስኩት።

ስመለስ ጓጉንቸሩ እንዳለ ነው። ከፍቼ ገባሁ። እንዳልከኝ ከመንካቴ በፊት አየሁ፣ ሁሉንም ጻፍኩ፦

ጥቁሩ አዝራር ወደቡ ላይ ነው፣ ግን ተገልብጧል። ጀርባው ወደ ላይ፣ ፊቱ ወደ ታች። ነጩ ከነበረበት ተነሥቶ ቀዩ አዝራር፣ የእኔው ማለት ነው፣ አጠገብ ተጠግቷል። እንዲህ ተጣብቀው ነው ያገኘኋቸው። ሌላ የተነካ የለም።

ጥቁሩን አቃናሁት፣ ነጩን መለስኩት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን አንተም ልጄም ያላችሁት መሆን አለበት። የተቆለፈ በር ውስጥ ሌላ ማን ይገባል? እኔው ነኝ። አንቀሳቅሼ እረሳለሁ። እጄ የሚሠራውን ካላወቅሁ ነገ ለእሱ የምሰጠውን ጠብታ በምን አውቃለሁ? ካውያ ጥዬ ቤቱን ባቃጥልስ? እሱ ሮጦ አያመልጥ።

ስለዚህ እሺ አልኳቸው። እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ከልጄ ጋር ተማከርን። ብርዱ ሳይጠና ይወስዱታል። ከጤና ጣቢያ የምትልከው ነርስ ሳይሆን ራሷ ነርሷ፣ ቆዳውን የምታይለት፣ መጥታ ነበር። ግራ እጁ የዊልቸሩን ክንድ ያንኳኳል አለች፤ እኔ መቼም አልሰማ። ልጄ "የነርቭ ነው" አለች። ቆዳው እንዳይላጥ አንድ ነገር እናድርግ ተባብለናል።

መምጣት ትችላለህ? ካልቻልክም ግድ የለም። ጠየቅሁ እንጂ።

እትዬህ


ጥር 5

ለእትዬ፣

ይህን ደብዳቤ በቁምዎ አያንብቡት። ይቀመጡ። ለብቻዎ፣ በልብዎ ያንብቡት፤ ለምን እንደሆነ ይገባዎታል።

ያሉኝን ሁሉ በእኔ ካርታ ላይ ደረደርኩት። እዚህም አንድ አለኝ፣ በሩዝና በባቄላ የምጫወትበት። መጀመሪያ ነጩ አዝራር ወደ ባሕሩ ዳር ሲሄድ፣ ጳጳሱ መንገድ ሊዘጋ ነው የሚለውን፣ ለሁላችንም የተላከውን የጥርስ ሐኪሙን ደብዳቤ አንብበው ነበር። ሁለተኛው ጊዜ እኔ ከበብኩት፣ እሱ በቀጭኗ መንገድ አመለጠ። እኔ ያቺን መንገድ አላየኋትም ነበር፣ እትዬ። ጥርስ ሐኪሙም አላያትም። በሕይወቴ በዚያች መንገድ ያመለጠኝ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር ደግሞ አለ። ጥቁሩ ተገልብጦ አገኘሁት አሉኝ። እኔ ያን ቀን ሐሳቤ እርስዎ ዘንድ ሆኖ ስጽፍ ተሳስቻለሁ፤ ወንዝ የተሻገረ ጦር በዚያው ተራ ወደብ አይገባም። የጨዋታው ደንብ የተሳሳተ ሰው ምን እንደሚደረግ አይልም። የእኛ ጠረጴዛ ግን የራሱ ልማድ አለው፣ ያመጣውም ጋሼ ናቸው። ሰው ሲሳሳት አንጮህበትም፣ ጠጠሩን እንገለብጥበታለን። ተሳስተሃል፣ መልስ ማለት ነው። የተገለበጠበት ሰው ያለ ክርክር እንቅስቃሴውን ይመልሳል። ጨዋታ በቃኝ ያለ ደግሞ አለቃውን አንስቶ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባል። ይህን እርስዎ አያውቁትም። ለእርስዎ የነገረ የለም። የማያውቁትን ነገር ሠርተው ሊረሱ አይችሉም።

ስለዚህ አእምሮዎ ደህና ነው። ቤትዎም ሰው አልገባም።

"ክፍሉ ውስጥ ከጋሼህ በቀር ማንም አልነበረም" ብለው ጽፈውልኛል። ያን መስመር ሳነብ የቆምኩበት መሰላል ከሥሬ የወጣ መሰለኝ። እትዬ፣ ጋሼ ነበሩ። ጋሼ ናቸው። ግራ እጃቸው ነው። እርስዎ ሲያነቡ ይሰማሉ፣ ከዚያ እርስዎ ደንበኛ ዘንድ ሄደው እስኪመለሱ ሙሉ ጊዜያቸውን ፈጅተው አንድ አዝራር ይገፋሉ። እርስዎ ደግሞ መጥተው ይመልሱታል።

ማለት የፈራሁትን ልበል። ስለ አዝራር የሰሙ ሌላውንም ሁሉ ሰምተዋል። መጦሪያውንም።

ልጅዎ ዘንድ ደውዬ ነበር። "ሐኪም አይቶታል፤ እባክህ በእማዬ ልብ አትጫወት" ብላ ዘጋችው። አልፈርድባትም። እርስዎ ዘንድም ደወልኩ፤ "ንፋስ ነው" ብለው ሲዘጉ ሰማሁ። ያለኝ ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ምንም አይመልሱ። ምንም አያቃኑ። እጃቸውን ይዩት።

ፖስታ ቤቱ ሥራ ሊያቆም ነው ይላሉ። ሳያቆም ይድረስልኝ።

ባለ ሹራቡ


ጥር 11

ልጄ፣

ምነው ዝም አልክ? ደብዳቤህ ቀረብኝ። ጎረቤቴ እናንተ ዘንድ ፖስተኞቹ ሥራ አቁመዋል አለችኝ፤ ለዚያ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁና ይህን ወደዚያ በሚበር የደንበኛዬ ልጅ እጅ ልኬዋለሁ።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ነገሩ ቆመ! ፈጣሪ ይመስገን፣ አንድም አዝራር ንቅንቅ አላለም። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። እንቅልፍም መጣልኝ። ምናልባት ከወሰንኩ ወዲህ ጭንቀቱ ስለቀለለኝ ይሆናል።

ነርሷ ባለችው መሠረት ለጋሼህ እጅ ማሰሪያ ሰፋሁለት። ውስጡ ለስላሳ ፍላኔል ነው፣ ጠርዙን በእጄ ነው የዘመዘምኩት። አሁን ግራ እጁ ከወንበሩ ክንድ ጋር ታስሮ አርፏል፣ አያንኳኳም፣ ቆዳውም አይላጥም። ያየ ሁሉ ወደደልኝ። እሱ ግን የመጀመሪያ ቀን ሲታሰር እንዴት እንዳየኝ! ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ሐኪሙ ማየት አይደለም ብሏል፣ ስለዚህ ማየት አይደለም።

መኪናው ጥር 30 ጠዋት ይመጣል። ጨዋታውን ምን ላድርገው? እሱ ከሄደ ካርታውን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ላስገባው ወይስ ላንተ ልላክልህ? ለጓደኞችህም ሰላምታዬን አድርስ። ወንበሩን ባዶ ላለማድረግ የቻልኩትን አድርጌያለሁ።

እትዬህ


ጥር 21

እትዬ፣

እጃቸውን ይፍቱት። ይህን እንዳነበቡ አሁኑኑ።

ያን የስፌት ማሰሪያ ይፍቱት፣ ከዚያ ከዚህ በፊት የጻፍኩት ደብዳቤ ደርሶ እንደሆነ ያንብቡት፣ ካልደረሰም ይህን ብቻ ይወቁ፦ አዝራሮቹን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ ናቸው። ስለዚህ ነው የቆመው። ይሰማሉ። ሁሉን።

ይህ በፈጣን መልእክተኛ የተላከ ነው። ልጅዎ ስልኬን አታነሳም። እኔ እዚህ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድጓድ መግባት አቅቶኛል፤ ታችውን ሳይ አንድ ሰው ታስሮ ቁጭ ያለ ይመስለኛል። ይቅር ይበሉኝ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ጻፍኩ።


ጥር 30

ለንጉሠ ነገሥቱ፣ ለልጄ፣

ዕድሜ ይስጥህ። ከዚህ ሌላ ምርቃት ዛሬ አፌ ላይ አይመጣም።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ትናንት ከሰዓት ተከታትለው ደረሱኝ። አጭሩን ነው ቀድሜ የከፈትኩት። አልፈታሁትም፣ በጨርቅ መቀሴ ነው የቆረጥኩት፤ ያን ሁሉ የዘመዘምኩትን ጠርዝ። ከሥሩ ቆዳው ቀልቶ ነበር። ለስላሳ ነው ብዬህ አልነበር? እጁ ሲፈታ ምንም አላደረገም። እንደወደቀ ጭኑ ላይ ቀረ።

ረጅሙን ደብዳቤ "በልብዎ ያንብቡት" ብለህ ነበር። አልቻልኩም። ልማዱ እንደዚያ አይደለም። ዊልቸሩን ይበልጥ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁት፣ ቆምኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። "ጋሼ ናቸው" የምትለው ላይ ስደርስ ድምፄ እንደተቋረጠ በጉሮሮዬ አወቅሁ። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ያነባል። ስንት ጊዜ ጠብታ አድርጌበታለሁ፣ ልጄ። ስንት ጊዜ በጨርቅ ጠርጌ "ምን ሆነ ይሄ ዓይን" ብያለሁ።

"ትሰማኛለህ?" አልኩት። ምንም የለም። አጠገቡ ተንበርክኬ ደግሜ አልኩት። ምንም። እንደገና ፈራሁ፤ ሁላችንም ተታልለን እንዳይሆን፣ አንተ በሩቅ ሆነህ የምትመኘውን አይተህ እንዳይሆን። ልጄ እውነቷን እንዳይሆን። በዚያ ሰዓት ከፈራሁት ሁሉ የበለጠ የፈራሁት ያን ነው።

ከዚያ ሳላስበው የማይነገረውን ነገርኩት። ከዚያ በፊት ፊት ለፊቱ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ አልነገርኩትም ነበር፤ ሁልጊዜ በላዩ ላይ ነበር የማወራው፣ እንደ ዕቃ። "ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል። ወደ መጦሪያው ይወስድሃል። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

እጁ ተነሣ።

እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። ጭኑ ላይ የሞተ እጅ ነው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው። በመካከሉ ሻይ ቢቀርብ ይቀዘቅዝ ነበር። ፊቱ አይንቀሳቀስም፤ ላቡ ግን ከግንባሩ ይወርዳል። ላግዘው ብዬ እጄን ዘረጋሁና ሰበሰብኩት። ጣቱ ነጩ አዝራር ላይ ደረሰ። የጨዋታው ሳጥን ከጎኑ ክፍት ነው። ያልከው ትዝ አለኝ፣ በቃኝ ያለ አለቃውን ሳጥን ውስጥ ያስገባል ያልከው። "እንዳታደርገው" አልኩት። "እባክህ እንዳታደርገው።"

ነጩን አለፈው። ጥፍሩን ቀዩ አዝራር ሥር ሰካ፣ የእኔው ሥር፣ ከካፖርቴ የቆረጥኩት። አመለጠው። እንደገና ሰካው። እንደገና አመለጠው። በሦስተኛው ጠርዙን አነሣና ገለበጠው። ጀርባው ወደ ላይ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ማየት ነው፣ ልጄ፣ ሐኪሙ የፈለገውን ይበል።

ዛሬ ጠዋት ልጄና ባሏ ከሹፌሩ ጋር መጡ። ምንም አላስረዳኋቸውም። ልጄን አባቷ አጠገብ አስቀመጥኳትና "ከሐኪሙ ጋር ተማከሪ፣ ከእኔ ጋር ተማከሪ፤ ግን እሱ ፊት ስለ እሱ ስታወሪ ለእሱ ንገሪው" አልኳት። ልትቆጣ አፏን ከፍታ እጁን አየችው። ወደ እጇ እየመጣ ነበር፣ ቀስ እያለ። እስኪደርስ ጠበቀችው። ከዚያ የሆነውን እሷ ራሷ ትጽፍልህ።

እኔ አሁንም እፈራለሁ። ሰው ገባ ብዬ አይደለም፤ እነዚያን ወራት ሁሉ በራሱ ላይ ስለተናገርኩት ነው። "ቢሞት ይሻለው ነበር" ያልኩበት ቀን አለ፣ ጨርቅ እየቆረጥኩ፣ ለጎረቤቴ። እሱንም ሰምቷል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሁሉንም እጠይቀዋለሁ፤ አዝራር ለመገልበጥ ብዙ ይኖረዋል።

ደንቡን አንተው ጽፈህልኛል፤ የተገለበጠበት ሰው ያለ ክርክር ይመልሳል። ስለዚህ ቀዩን አዝራር አቃንቼ መነኩሴው አጠገብ መለስኩት። መኪናውንም እንዲሁ መለስኩት።

እትዬህ፣ ቀዩ አዝራር